ለዕድርም ለክፍልም አንድ ሪከርደር፦ ደብረ ብርሃን ላይ እንዴት እንደመረጥን

አጎቴ የሰፈራቸው ዕድር ጸሐፊ ናቸው። ልጃቸው ደግሞ ማስተርሷን ቅዳሜና እሁድ ትማራለች። ሁለቱም ድምፅ መቅጃ ፈለጉ፤ በጀቱ ግን የአንድ ብቻ ነው። ውሎዬ ስልክና ኮምፒውተር ጥገና ላይ ስለሆነ ምርጫው እኔ ላይ ተጣለ። ሂደቱን እንዳለ የምጽፈው ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ሱቅ የሚመጡ ሰዎች ስለበዙ ነው። ሁሉም የሚጀምሩት ደግሞ "ስንት ጊጋ ነው?" ብለው ነው። ጊጋ መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው "የት ነው የሚቀመጠው?" ነው።

ነገሩ የተነሳው ከወርሃዊ መዋጮ ጭቅጭቅ ነው። ገሚሱ አባል "እንዲጨምር ወስነናል" ይላል፤ ገሚሱ "እናስብበት ነው የተባለው" ይላል። መዝገቡ ሲገለጥ "በመዋጮ ጉዳይ ሰፊ ውይይት ተደርጓል" የሚል ነው የተገኘው። ሰፊ ውይይት! ማን ምን እንዳለ፣ ምን እንደተወሰነ የለም። አጎቴ እጃቸው ፈጣን ነው፤ ግን ሦስት ሰው ባንዴ ሲናገር የማንም ጸሐፊ እጅ አይደርስም። ያን ቀን ነው "ከእንግዲህ ድምፁ ይቀዳ" የተባለው።

አዳራሹን ልግለጸው፣ ምክንያቱም ምርጫውን የወሰነው እሱ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከፊት አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ እዚያ ይቀመጣሉ። አባላቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ናቸው፣ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ጎረምሶቹ ከበሩ አጠገብ። ሰው የሚናገረው ከተቀመጠበት ተነስቶ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከቅዳሴ በኋላ የተጀመረ ስብሰባ ሳያልቅ ዝናቡ ይመጣና ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የጎን ሰው እንኳ አይሰማም።

የልጅቱ ክፍል ሌላ ዓለም ነው። አንድ መምህር፣ ትልቅ ክፍል፣ ነጭ ሰሌዳ። መምህሩ ይንቀሳቀሳሉ፤ ወደ ሰሌዳው ዞረው ሲጽፉም ማውራት አያቆሙም። እዚህ የሚፈለገው የአንድ ሰው ድምፅ ነው፤ እዚያ የሚፈለገው የሁሉም።

"ስልክ አለ አይደል እንዴ?" ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው፣ እኔም የጀመርኩት ከዚያ ነው። ስልክ ሲቀዳ መጥፎ አይደለም። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ቅርብ ላለ ሰው፣ ከርካሽ ሪከርደር ይሻላል። ችግሩ ሌላ ነው። ስልክ ይደወላል። የዕድር ጸሐፊ ስልክ ደግሞ እሁድ ቀን አያርፍም፤ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለማን ነው? ጥሪው ሲገባ ቅጂው ይቆማል፣ በአንዳንዱ ስልክ ጥሪው ካለቀ በኋላ ራሱ አይቀጥልም። ሌላው የባትሪ ቆጣቢው ነው፤ ስክሪኑ ከጠፋ ትንሽ ቆይቶ የመቅጃ አፑን ከኋላ የሚዘጋ ስልክ ስንት አለ። ሰውየው ሁለት ሰዓት ቀዳሁ ብሎ ሱቅ ይመጣል፣ ስንከፍተው ያለው የመጀመሪያው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሚሞሪው በልጅ ልጆች ፎቶና በቴሌግራም ቪዲዮ መሙላቱን ሳንቆጥር።

ስለዚህ ለብቻው የቆመ መሣሪያ ያስፈልጋል አልን። ገበያ ላይ ያሉትን በሦስት መደብ አየኋቸው።

አንደኛው መደብ እስክሪብቶና የቁልፍ መያዣ የሚመስሉት ናቸው። ርካሽ ናቸው፣ ካርቶናቸው ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፏል፣ ሻጩም "ድምፅ ሲሰማ ብቻ ነው የሚቀዳው፣ ባትሪ አይበላም" ይላችኋል። ይህችን አገልግሎት ተጠንቀቋት። መሣሪያው ዝምታ ሲሆን ይተኛል፣ ድምፅ ሲሰማ ይነቃል፤ እስኪነቃ ድረስ ግን የዓረፍተ ነገሩን መነሻ ይበላዋል። በአማርኛ እምቢታው የሚነገረው ደግሞ በቃሉ መነሻ ላይ ነው። "አልደግፍም" ያለ ሰው መነሻው ተቆርጦ ሲሰማ ለአዲስ ጠብ ይበቃል። ጥሩ ሪከርደሮችም ይህ አገልግሎት አላቸው፤ ስትገዙ መጀመሪያ አጥፉት።

ሁለተኛው መደብ ለንግግር ተብለው የተሠሩት ቀጫጭኖቹ ናቸው፤ እንደ ሶኒ አይሲዲ ፒኤክስ 470 ያሉት። ሦስተኛው ሙዚቀኞችና ቪዲዮ ቤቶች የሚይዟቸው ናቸው፤ ዙም ኤች1ኤን፣ ታስካም ዲአር 05ኤክስ የመሳሰሉት።

ሶኒውን አንድ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ይዞት የመጣው ነበር፣ ከተስማማን ሊሸጥልን። ዙሙን ሠርግ ከሚቀርጽ ወዳጄ ተዋስኩ። ታስካሙ በእጄ አልገባም። ሁለቱን ከአጎቴ ስልክ ጋር አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ደርድረን መደበኛውን የወር ስብሰባ ቀዳን። ይህን አድርጉ ነው የምለው። ኢንተርኔት ላይ የሚሰማው ናሙና በጸጥታ ስቱዲዮ የተቀዳ እንግሊዝኛ ነው፤ ስለ እናንተ አዳራሽ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ማታ ኤርፎን አድርገን ሰማን። በድምፅ ጥራት ዙሙ አሸነፈ፣ ጥርጥር የለውም። የዳኛው ድምፅ ከነጉሮሮ መጥረጉ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ግን የዙሙ ሁለት ማይኮች ፊት ለፊት የሚመለከቱ ናቸው፣ እርስ በርስ በ90 ዲግሪ ተሻግረው። ፊቱን ወደ ዳኛው ስናዞረው አባላቱ ከኋላው ቀሩ፤ ወደ አባላቱ ስናዞረው ደግሞ ዳኛው ራቁ። በዚያ ላይ ሁሉንም ይሰማል። ገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ ላይ ሳንቲም ሲደረድሩ የነበረው ድምፅ እንደ ደወል ነው የገባው። መሣሪያውን በእጅ ነካ ስታደርጉት ጓ ይላል።

ሌላም ያላሰብነው ነገር ነበር። ዙሙ የጋዜጠኛ ማይክ ይመስላል። ከፊት የተቀመጡት አንድ አባት እሱን እያዩ ነበር ሲናገሩ የነበረው፤ "ክቡራንና ክቡራት" ብለው ጀመሩ። የሰላሳ ዓመት ጎረቤቶቻቸውን "ክቡራን" ብለው አያውቁም። ሶኒውን ግን ከመዝገቡ ጎን ሲያዩት ከሒሳብ ማሽን አልለዩትም። በስብሰባ መሣሪያው ሰው ሲረሳው ነው የሚሠራው።

የስልኩ ቅጂ ላይ የሰማነው ደግሞ ይህን ነው፦ ሰው ዝም ሲል ከኋላ ያለው ሽሽታ ቀስ እያለ ያድጋል፣ ሰው ሲጮህ ደግሞ ሁሉም ነገር ድፍን ይላል። ስልኩ የድምፁን መጠን ራሱ ስለሚያስተካክል ነው። ይህ አሠራር በሪከርደሮችም አለ። ለጸሐፊ ጠቃሚ ነው፣ ምክንያቱም እየጻፈ መጠን ሊያስተካክል አይችልም፤ ግን ጫጫታ ባለበት ቤት ጫጫታውንም አብሮ ያነሳል።

ከኋላ ወንበር የተናገሩት በሦስቱም ላይ አልተሰሙም ማለት ይቻላል። ይህ የመሣሪያ ጥፋት አይደለም። ከማይኩ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይቀንሳል። አንድ ሜትር ላይ ያለ ሰውና ስምንት ሜትር ላይ ያለ ሰው መካከል የ18 ዴሲቤል ልዩነት አለ ማለት ነው። የቆርቆሮውና የሲሚንቶው ማስተጋባት ግን በየትም ቦታ ያው ነው፤ ስለዚህ የሩቁ ሰው በራሱ ድምፅ ማሚቶ ውስጥ ይሰጥማል። ይህን ጊጋ አይፈታውም፣ ዋጋም አይፈታውም።

ለአጎቴ እንዲህ አልኳቸው፦ "ጋሼ፣ መሣሪያ ብቻ አይደለም መግዛት ያለብዎት፣ ደንብም ያስፈልጋል። የሚናገር ሰው ወደ ፊት ይምጣ።"

"አንተ ልጅ፣ ሽማግሌውን ሁሉ ከወንበሩ ላስነሳ ነው?"

"የማይችሉትን እርስዎ መሣሪያውን ይዘው ይሂዱላቸዋ።"

ሳቁ፣ ግን ዳኛው ደንቡን ወደዱት። ወደ ፊት መምጣት ሲጠየቅ ለነገር ያህል ብቻ የሚናገረው ሰው ቁጥር ቀንሷል አሉ። ስብሰባውም አጥሯል።

ሶኒውን ነው የገዛነው። ምክንያቱን ስናገር ከድምፅ ጥራት አልጀምርም፤ በጥራት ሁለተኛ ነው የወጣው። የመጀመሪያው ምክንያት ድንጋዩ ነው። ሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ነው የሚበላው፣ ሦስት ኤ የሚባለውን፤ ሶኒ ራሱ ኤምፒ3 በሚባለው የታመቀ ፎርማት፣ በሰከንድ 128 ኪሎቢት፣ እስከ 55 ሰዓት ይቀዳል ይላል። ግማሹን እንኳ ቢሰጥ ለጸሐፊ የብዙ ወር ስብሰባ ነው። ዙሙም በሁለት ሦስት ኤ ነው የሚሠራው፤ ግን የሚነገርለት 10 ሰዓት ገደማ ነው። ቻርጅ የሚደረጉት ቀጫጭኖች ያማሩ ናቸው፤ ግን መብራት ጠፍቶ ያደረ ቀን ጠዋት ስብሰባ ላይ ምን ታደርጋላችሁ? ድንጋይ ግን የትኛውም ሱቅ አለ። ብቻ ርካሹን ዚንክ ካርቦን አትግዙ፣ ቶሎ ያልቃል፣ ከተረሳም ያፈሳል። አልካላይን የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ከተማችን 2800 ሜትር ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ አልካላይንንም ያደክመዋል። ምልክቱ ባዶ ያሳየ ድንጋይ ኪስ ውስጥ ሲሞቅ መልሶ የሚነሳበት ጊዜ አለ፤ አጎቴ መሣሪያውን ከጋቢያቸው ሥር ይዘው የሚሄዱት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቁልፉ ነው። አንዴ ትጫናለህ፣ ቀይ መብራት ይበራል፣ ይቀዳል። ዙሙም ቀላል ነው፤ ግን መጠን መምረጥ፣ ፎርማት መምረጥ፣ የሚሞሪ ካርድ ማስገባት ይመጣል። ካርድ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ 64 ጊጋ ተብሎ የተሸጠ ሐሰተኛ ካርድ ከተወሰነ መጠን በኋላ የተቀዳውን እየዋጠ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ሶኒው የራሱ 4 ጊጋ አለው።

እዚህ ላይ ጊጋው ይምጣ። 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ነው። 4 ጊጋ ላይ ከ50 ሰዓት በላይ ይገባል። ያልታመቀው ዋቭ ግን በሲዲ ጥራት በሰዓት 635 ሜጋ ስለሚወስድ እዚያው 4 ጊጋ ላይ አምስት ሰዓት ገደማ ነው የሚቆየው። ለሰው ንግግር 128 ይበቃል። ከዚያ በታች ያሉትን ረጅም ሰዓት የሚሰጡትን ምርጫዎች ግን አትንኩ፤ ማስተጋባት ባለበት አዳራሽ ላይ መጭመቅ ሲጨመርበት "ተ" እና "ከ" አይለዩም።

መሣሪያው የሚቀመጥበትን ነገር ለማስተካከል የወጣ ወጪ የለም። ጠረጴዛው ላይ በቀጥታ ሲቀመጥ የብርጭቆውም የክርኑም ንቅናቄ በእንጨቱ በኩል ይገባል። አጎቴ ነጠላ አራት አጥፈው ከሥሩ አደረጉ፣ ጓጓታው ጠፋ። ወፍራም ድምፅን የሚቆርጠው የመሣሪያው ማጣሪያም ለእንዲህ ያለው ያግዛል። ለዝናቡ ግን አያግዝም፤ የቆርቆሮ ዝናብ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድረስ ሁሉንም ድምፅ ስለሚሸፍን ማጣሪያው የሚቆርጠው የለውም። ዝናብ ሲመጣ ያለው መላ ወደ አፍ መቅረብ ነው፣ ወይም ውይይቱን ማቆም።

ልጅቱ መሣሪያውን ስትወስድ ነገሩ ተቀየረ። መጀመሪያ ከራሷ ዴስክ ላይ ቀዳች። የተቀዳው በአብዛኛው የራሷ እስክሪብቶ፣ የገጽ መገለጥና የጎረቤቷ ማዛጋት ነው፤ መምህሩ ከሩቅ ይሰማሉ፣ ወደ ሰሌዳ ሲዞሩ ይጠፋሉ። ከዚያ መምህሩን አስፈቅዳ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችው። ተሻለ። የተሻለው ግን ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክ ነው፤ መሣሪያው በመምህሩ ኪስ፣ ማይኩ ደረታቸው ላይ፣ ወደየትም ቢዞሩ ርቀቱ አይቀየርም። መምህሩም አልከፋቸውም፣ ፋይሉን እንድትልክላቸው ብቻ ነው የጠየቁት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክንበት ነገር አለ። ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ የኮሌታ ማይኮች አብዛኞቹ ለስልክ የተሠሩ ናቸው። ጫፋቸውን እዩት፦ የስልኩ ሦስት ጥቁር ቀለበት አለው፣ ለሪከርደር የሚሆነው ሁለት። ሦስት ቀለበት ያለውን ሪከርደር ላይ ብትሰኩት ወይ ዝም ይላል ወይ ተቆራርጦ ይገባል። መቀየሪያ ገመድ አለ፣ ግን መጀመሪያውኑ ባለ ሁለት ቀለበቱን መፈለግ ይቀላል። ሱቅ ላይ ሳትሞክሩ አትውጡ። የኤርፎንና የማይክ ቀዳዳም አንድ ዓይነት ስለሚመስል አጠገቡ ያለውን ምልክት ማየት ነው።

ለጥናቷ ወደ መንዝ ስትሄድ ደግሞ ነፋስ መጣ። የመንዟ ከተማ መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አባቶች ደግሞ ማውራት የሚወዱት ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነው። የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ ስትልክልኝ ፉፉታ ብቻ ነው የሰማሁት። ነፋስ ማይኩን በቀጥታ ሲመታው የትኛውም ሶፍትዌር በኋላ አያወጣውም። የበርኖስ ቁራጭ ጠቅልላበት ሞከረች፤ ነፋሱ ቀነሰ፣ ንግግሩም አብሮ ታፈነ። በርኖስ ዝናብ እንዳያሳልፍ ተጠቅጥቆ የሚሠራ ስለሆነ ድምፅም አያሳልፍም። የሚሠራው ጸጉራም ሽፋን ነው፤ ረጃጅሙ ፀጉር ነፋሱን እየሰበረ ድምፁን ያሳልፋል። እስኪገኝ ድረስ የግንብ ከለላ ፈልጋ፣ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ፣ የኮሌታውን ማይክ ከአባባ ጋቢ ጠርዝ ውስጥ ሰክታ ሠራች። የኋለኞቹ ቅጂዎች ጥሩ ናቸው።

አንድ የሚያናድድ ነገር ልጨምር። መሣሪያው ፋይሉን የሚሰይመው በቀንና በሰዓት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። አጎቴ በእኛ አቆጣጠር ካልሞላሁት አሉ። ይቻላል፣ ቁጥሩን ይቀበላል፤ ግን 31 ቀን ያለው ወር ሲመጣ አንድ ቀን ይዛነፋል፣ ጳጉሜንንም አያውቃትም። በፈረንጁ ትተነው መዝገቡ ላይ የፋይሉን ስም ከእኛ ቀን ጎን መጻፍ ጀመሩ። ድንጋይ ስትቀይሩም ቶሎ ነው፤ አውጥታችሁ ካቆያችሁት ሰዓቱ ይጠፋና ከዚያ በኋላ የሚቀዳው ፋይል የተሳሳተ ቀን ይይዛል።

ዋጋውን የማልጽፈው ሆን ብዬ ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የዛሬ ወር የተባለው ዋጋ ዛሬ አይሠራም። ማለት የምችለው ዙሙ ከሶኒው ይወደድ እንደነበርና ያገለገለ ከታማኝ ሰው ማግኘት ሳጥን ውስጥ ካለ የማይታወቅ ዕቃ እንደሚሻል ነው። ስትቀበሉ የድንጋይ ማስቀመጫውን ክፈቱ፤ ነጭ ዱቄት ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ መልሱት።

ዕድሩ ላይ ያነጋገረው ዋናው ጉዳይ ግን ዕቃው አልነበረም። "ድምፄ ተቀድቶ የት ይሄዳል?" የሚል ጥያቄ ተነሳ፤ ተገቢ ነው። አንዲት እናት "ቴሌግራም ላይ ብሰማው ከዕድሩ ወጣሁ ማለት ነው" አሉ። ውሳኔው ተጽፎ ተፈረመ፦ ቅጂው የሚጀመረው ዳኛው "አሁን ይቀዳል" ካሉ በኋላ ነው፤ ከጸሐፊው እጅ አይወጣም፤ የሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤውን ሲያጸድቅ ይጠፋል። የቤተሰብ ችግር ሲነሳ ይዘጋል። ልጅቱ መሣሪያውን ስለምትጋራ የዕድሩ ፋይሎች ለብቻቸው ፎልደር ውስጥ ናቸው፣ ከመውሰዷ በፊትም አጎቴ ወደ ፍላሽ ገልብጠው ከመሣሪያው ያጠፏቸዋል። መሣሪያው ያለ ገመድ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ መሆኑ እዚህ ላይ ነው የጠቀመው፣ ገመድ ፍለጋ የለም።

ብዙ ሰው "ወደ ጽሑፍ በራሱ አይቀይረውም ወይ?" ይላል። ለእንግሊዝኛ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ለአማርኛ ያሉት ፕሮግራሞች ቅርብና ንጹሕ ድምፅ ላይ ይሞክራሉ፤ ሰው የሚነጣጠቅበት አዳራሽ ላይ የሚያወጡትን ከማረም እንደ አዲስ መጻፍ ይፈጥናል። በእጅ መገልበጥ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ድምፅ አራት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ልጅቱ ለጥናቷ ስለሚያስፈልጋት እያዘገመች ትገለብጣለች፤ መሣሪያው ንግግሩን ዝግ አድርጎ ስለሚያሰማ ያግዛታል። አጎቴ ግን አይገለብጡም። እንደ ድሮው በእጃቸው ይጽፋሉ፣ አዲስ አጀንዳ ሲጀመር የመሣሪያውን ቆጣሪ አየት አድርገው ኅዳጉ ላይ ደቂቃውን ያሰፍራሉ። ክርክር ሲነሳ መዝገቡን አይተው ወደዚያች ደቂቃ ይሄዳሉ፣ ዳኛው ይሰማሉ፣ ያልቃል። የመዋጮው ጉዳይ እንደገና ቀርቦ በድምፅ ብልጫ ጨምሯል፤ ይህኛው 41ኛው ደቂቃ ላይ ነው።